ብሬስ ከወጣ በኋላ ትራምፔት ላይ የጠፋው ድምፅ እንዴት ይመለሳል?

የቀሃ ልጅ
ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የምጠይቀው እዚህ ጎንደር በአንድ የወጣቶች ማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ለሚነፋ የ17 ዓመት ልጅ ነው። የላይም የታችም ጥርሱ ላይ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) 22 ወር ቆይቶ ከወጣለት ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። ብሬሱ እያለ ከኖታው መስመሮች በላይ ያለውን ሶል ያለ ችግር ያወጣ ነበር። አሁን ግን መካከለኛው ዶ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ከድምፁ ይልቅ ትንፋሹ ነው የሚሰማው። «ጥርሴ ያንሸራትተኛል፣ ማውዝፒሱን (ከንፈር የሚያርፍበትን መንፊያ) የት እንደማሳርፈው ጠፋኝ» ይላል። አሥር ደቂቃ ያህል እንደነፋ ከንፈሩ ይዝልበታል።

መሣሪያው ተራ ቢ ፍላት ትራምፔት ነው፣ ማውዝፒሱ 7ሲ የሚባለው ልክ። ለላይኛው ጥርስ የሚወልቅ ግልጽ የፕላስቲክ ሪቴይነር (ጥርሱ ወደ ድሮ ቦታው እንዳይመለስ የሚይዝ)፣ ለታችኛው ደግሞ ከጥርሱ ጀርባ የተለጠፈ ቀጭን ሽቦ ተሰጥቶታል። ብሬሱን የሠሩለት ሐኪም ያሉት አዲስ አበባ ስለሆነ ቀጣዩ ቀጠሮው ከ5 ሳምንት በኋላ ነው። ባንዱ በጥምቀት ሰሞን ሰልፍ አለበት፤ 11 ሳምንት ያህል ቀርቶታል።

ከየት ይጀምር? በቀን ምን ያህል ይንፋ? ሪቴይነሩን አድርጎ ይንፋ ወይስ አውልቆ? «3ሲ ማውዝፒስ ግዙለት» የሚሉም አሉ፣ ይረዳዋል ወይ?

የነሐስ መምህር
ልጁን አይዞህ በሉት፤ የተማረውን አልረሳም። ምን እንደተለወጠ ከገባው ግማሹ ጭንቀት ይቀልለታል።

ብሬስ እያለ ከንፈሩ ከጥርሱ ጋር አይገናኝም ነበር። በብራኬቶቹ (ጥርሱ ላይ በተለጠፉት የብሬሱ ቁራጮች) ላይ ተወጥሮ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ወጥቶ ነው 22 ወር የኖረው። የአፉ ጥግ የሚይዝበት ኃይል፣ በሁለቱ ከንፈሮች መሐል የምትቀረዋ ቀዳዳ፣ ትራምፔቱ ወደ ታች የሚያዘነብለው ልክ፣ ሁሉም የተለመደው በዚያ ርቀት ነው። አሁን ከንፈሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ጥርሱ ላይ ተኝቷል፤ ጡንቻው ግን እስካሁን በድሮው ልክ ይስባል። ያን ጊዜ ቀዳዳዋ ከሚገባው በላይ ትከፈታለች፣ ከንፈሮቹ ተገናኝተው መንዘር ሲገባቸው ትንፋሹ በመሐላቸው ያፈተልካል። «ሽ» የሚል ድምፅ የሚበዛበት ለዚህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት ነው ብዙዎችን ለወራት ወደ ኋላ የሚያስቀረው። ነፊው ክፍተቱን ለመዝጋት ማውዝፒሱን ወደ አፉ ይጫነዋል። ብሬስ ያለበት ሰው ሲጫን ብራኬቱ ከንፈሩን ስለሚወጋው ሳያስበው ቀለል አድርጎ መያዝን ይማራል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ብሬሱ ሲወጣ ግን የሚወጋው ነገር የለም፣ የሚቆጣጠረው ጠፋ ማለት ነው። መጫን ለጊዜው ከፍ ያለውን ድምፅ ያወጣለታል፤ ግን ደም ወደ ከንፈሩ እንዳይደርስ ስለሚያግድ ቶሎ ያዝላል፣ ከዚያ ያሳብጣል። በአሥር ደቂቃ የሚዝለው ከዚህ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ይህን አጣሩ። የቀኝ እጁን ትንሽ ጣት ትራምፔቱ ላይ ካለው መንጠቆ አውጥቶ ከላይ ያሳርፋት። መንጠቆውን ይዞ እየሳበ ከነበረ ልዩነቱን ወዲያው ይሰማዋል።

አሁን ወደ ሥራው። ትራምፔቱን አስቀምጦ መስታወት ፊት ይቁም። «ም» ብሎ ከንፈሩን ይግጠምና እዚያው ያቁመው። የአፉ ጥግ ጠበቅ፣ መሐሉ ለቀቅ፣ አገጩ ወደ ታች ጠፍጠፍ ያለ እንጂ እንደ ኮክ ፍሬ የተጨማደደ እንዳይሆን። ከዚያ ማውዝፒሱን ብቻ፣ ትራምፔቱ ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ጫፉን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ ያስጠጋው፤ በሁለት ጣት የተያዘ ማውዝፒስ ብዙ ለመጫን አይመችም፣ ጥቅሙም ይኸው ነው። እዚህ ላይ ዓይኑን ከመስታወቱ እንዳያነሳ። የላይኛው ከንፈር ቀዩ ክፍልና ቆዳው የሚገናኙበት መስመር ከቀለበቱ ውስጥ መግባት አለበት። ጠርዙ ራሱ ቀዩ ላይ ካረፈ ለስላሳውን ክፍል ቆንጥጦ ይይዘዋል፣ ንዝረቱ ይታፈናል፣ ጉልበትም አይኖረውም። ብሬስ የነበረበት ነፊ ብራኬቱን ለመሸሽ ማውዝፒሱን ዝቅ ማድረግ ይለምዳል፤ ብሬሱ ከወጣም በኋላ እጁ ወደዚያው ይሄዳል።

አዲሱ ማረፊያ የሚገኘው በመፈለግ ነው። አንድ ድምፅ ዝግ አድርጎ እያነዘረ ማውዝፒሱን በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ያንቀሳቅስ። አንዱ ቦታ ላይ ድምፁ ሳይገፋ ጥርት ብሎ ይመጣል። በሦስት የተለያዩ ቀናት ፈልጎ እዚያው ቦታ ላይ ከደረሰ ያ ማረፊያው ነው። የድሮው ማረፊያ ወደ ጎን የነበረ ከሆነ አዲሱ ወደ መሐል ሊመጣ ይችላል፣ የድሮው ጠማማ ጥርስ የለማ። የላይኛው መንጋጋ ገፍቶ የነበረና የተስተካከለለት ከሆነ ደግሞ ትራምፔቱ ከበፊቱ ቀና ሊል ይችላል። ይህን «ተበላሸ» ብላችሁ በግድ አትመልሱት።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለተኛው መስመር ላይ ካለው ሶል ተነስቶ እስከ ታችኛው ዶ ብቻ ይንፋ። ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) 60 ላይ፣ 8 ምት ዝግ ያለ ድምፅ፣ 8 ምት እረፍት። የነፋውን ያህል ማረፉ ግዴታ ነው። ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ከሰዓት 10፣ ማታ 10። አንድ ጊዜ ሠላሳ ደቂቃ ከሦስት አሥር ደቂቃ ጋር እኩል አይደለም፤ የዛለ ከንፈር የሚማረው መጫንን ነው። በሁለተኛው ሳምንት 15 ደቂቃ ሦስቴ፣ እስከ መካከለኛው ዶ። እዚህ ላይ የከንፈር ሽግግር ይጨምር፤ ፒስተን ሳይነካ ከታችኛው ዶ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ዶ፣ በምላስ ሳይቆርጥ። ከዚያ ያንኑ በፒስተን 2፣ በ1፣ በ1ና 2፣ በ2ና 3 እየወረደ። በሦስተኛው ሳምንት 20 ደቂቃ ሦስቴ፣ በኖታው መስመሮች መሐል አራተኛው ክፍተት ላይ እስካለው ሚ። ከዚያ በኋላ በየሦስትና አራት ቀኑ ግማሽ ድምፅ ይጨምር። አንዱ ድምፅ በዝግታ ጥርት ብሎ ሳይወጣ ወደሚቀጥለው አይለፍ፤ ጮክ ሲል ብቻ የሚወጣ ድምፅ ገና የእሱ አልሆነም።

ማውዝፒስ አትግዙ። ባክ በተባለው አምራች መለኪያ የ7ሲ የውስጥ ስፋት 16.2 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ3ሲ 16.3። ከንፈሩ 2 ሚሊ ሜትር ቦታ ለቆ ሳለ የአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ለውጥ ምኑንም አይሞላለትም፤ ሁለት ነገር በአንዴ ከተለወጠ ደግሞ የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንደጎዳ መለየት አይቻልም። ቢያንስ 3 ወር በያዘው ይቆይ።

ዶክተር ዘጥርስ
መምህሩ የከንፈሩን በደንብ ስላስረዱ እኔ የጥርሱን ልጨምር።

ብሬስ በወጣ በ9ኛው ቀን ጥርሱ ገና ሥር አልያዘም። በአጥንቱና በጥርሱ ሥር መሐል ያሉት ጅማቶች እንደገና የሚደራጁት በወራት ነው፤ ድዱ ውስጥ ያሉት እስከ አንድ ዓመት ይወስዳሉ። አሁን በጣት ሲነካ ትንሽ እንቅስቃሴ ቢኖረው አትደንግጡ። ድዱም በብሬስ ጊዜ አብጦ ከነበረ በደንብ ከተቦረሸ በአንድ ሁለት ሳምንት ይቀንሳል። እስከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አድርጎ በቀን ሁለት ጊዜ ይጉመጥመጥ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ብራኬቱ የተጣበቀበት ማጣበቂያ አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ አይነሳም። የፊት ጥርሶቹን በሶፍት አድርቆ በጥፍሩ ከላይ ወደ ታች ይፈትሽ። ልስልሱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ሻካራ ነገር ካለ ያ ማጣበቂያ ነው። ማውዝፒስ ሲያርፍበት የከንፈሩን ውስጥ ይፍቀዋል፣ ነፊውም ሳያውቀው ያንን ቦታ እየሸሸ አያያዙን ያጣምማል። ለዚህ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ማንኛውም የጥርስ ሐኪም በጥቂት ደቂቃ ያለሰልስለታል።

ስለ ሪቴይነሩ፦ መጀመሪያ ላይ የተለመደው በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ማድረግ ነው፤ የእሱ ሐኪም የነገሩት ከዚህ ከተለየ የእሳቸውን ይከተል። ሲበላና ሲነፋ ያወልቀዋል። ሦስት አሥር ደቂቃ ምንም አይጎዳም። የሚጎዳው አውልቆ ነፍቶ፣ ከዚያ ቡና ጠጥቶ፣ ከዚያ ተጫውቶ ማታ ማስታወስ ነው። አውልቆ ሲመልሰው ጥርሱን አጥብቆ ከያዘው ሳይደረግ የቆየበት ጊዜ በዝቷል ማለት ነው፤ ጭራሽ አልገባም ካለ በጥርሱ ነክሶ በግድ አያስገባው፣ ለሐኪሙ ይደውል።

ትኩስ ሻይና ቡና ሪቴይነሩን አድርጎ አይጠጣ፣ በፈላ ውኃም አይጠበው፤ ፕላስቲኩ ቅርጹን ይለቃል፣ ቅርጹን የለቀቀ ሪቴይነር ደግሞ ጥርሱን ወደማይፈለግ ቦታ ይገፋል። በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ በለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። በሶፍት ጠቅልሎ የትራምፔት ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥም ይቅር፣ ሶፍት የተባለ ሁሉ መጨረሻው ቆሻሻ መጣያ ነው። የራሱ ማስቀመጫ ይኑረው።

የታችኛው ሽቦ ከጥርሱ ጀርባ ስለሆነ ከንፈሩን አይነካም። ምላሱን ከታች ጥርስ ጀርባ አሳርፎ ድምፅ የሚቆርጥ ነፊ ከሆነ ግን «ቱ» ሲል ሽቦው ይሰማዋል። በአንድ ሁለት ሳምንት ይለምደዋል። አንዱ ጥርስ ላይ ማጣበቂያው ለቆ ሽቦው ብድግ ካለ ግን 5 ሳምንት አይጠብቅ፤ ያ ጥርስ ብቻውን መሄድ ይጀምራል።

ነፍቶ ካቆመ በኋላም አንድ ጥርስ ለይቶ የሚያምመው ከሆነ፣ የአንዱ ጥርስ ቀለም ከጠቆረ፣ ወይም ከንፈሩ ደንዝዞ ከቆየ፣ ማቆምና መታየት ነው።

የቀሃ ልጅ
ጋሼ፣ ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በመስታወት አየነው፤ ጠርዙ እውነትም የላይኛው ከንፈር ቀዩ ላይ ነው የሚያርፈው። ከላይ ግራ በኩል ካለው የፊት ጥርስ ላይ ደግሞ ጥፍር የሚይዝ ሻካራ ነገር ተገኘ፣ ነገ ይታያል። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሲነፋ ቲዩነሩ (የድምፅ ልክ መለኪያው) ዝቅ ያለ ድምፅ ያሳያል፣ ማስተካከያ ቱቦውን እስከ መጨረሻ አስገብቶም አይደርስም። ይህ ከንፈሩ ነው? ከንፈሩም ይደርቃል፣ ቫዝሊን ይቀባል።

ባለ ትሮምቦን
ስለ ጠዋቱ እኔ ልመልስ። ያ ሁሉ የከንፈሩ ጥፋት አይደለም። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፅ በዝግታ ይጓዛል፣ መሣሪያው ይወርዳል። በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 3 ሴንት ያህል ነው፤ 100 ሴንት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው። ጎንደር በዚህ ወቅት በጠዋትና በቀትር መሐል የ10 ዲግሪ ልዩነት አያጣትም፣ ያ ብቻውን ወደ 30 ሴንት ነው። ስለዚህ ጠዋት ቲዩነሩን ይዝጋው። ቱቦውን ወደ ቦታው መልሶ፣ ድምፅ ሳያወጣ 2 ደቂቃ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ይላክበት፣ ማውዝፒሱንም በመዳፉ ያሙቀው። ድምፁን በከንፈር ጨምቆ ወደ ላይ ለማድረስ ከሞከረ ይህን ሁሉ የደከማችሁበትን ያፈርሰዋል። ቲዩነር ከሰዓት በኋላ ሲነፋ ይየው፤ ያኔም ዝቅ ካለ ያን ጊዜ ስለ ከንፈር እናወራለን።

ቫዝሊን ማታ ሲተኛ ይቀባ። ከመንፋቱ በፊት ግን ጠርጎ ያጥፋው፤ ጥርሱ በውስጥ እያንሸራተተው ጠርዙም በውጭ ካንሸራተተው ማረፊያውን ጨርሶ አያገኘውም። ከመንፋቱ በፊት ሚጥሚጣ ያለበት ነገር ባይበላም ጥሩ ነው።

ዶክተር ካሉት በአንዱ ላይ ግን ሐሳቤ ትንሽ ይለያል። ግልጹ ሪቴይነር ውፍረቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አድርጎት ቢነፋ ብሬሱ ከነበረበት ርቀት ግማሹን ይሞላለታል፣ ሽግግሩም በደረጃ ይሆንለታል። ምርር ላለው ልጅ ይህ መንገድ ተስፋ ይሰጣል።

ትሮምቦንና ቱባ ለሚነፉ ሌሎች ልጆች ካሏችሁ፣ የኛ ማውዝፒስ ሰፊ ስለሆነ ጫናው በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል፣ መልመዱም ብዙ ጊዜ ከትራምፔት ይቀልላል። አሠራሩ ያው ነው።

ዶክተር ዘጥርስ
ያሉት እንደ መሸጋገሪያ ያስኬዳል፣ አልቃወምም። የምፈራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ነፊ ሲጨንቀው ጥርሱን ያንቀሳቅሳል፣ ይነክሳል፤ ፕላስቲኩ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል፣ ሌላ ለማሠራት ደግሞ እስከ አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛ፣ ጠዋት አድርጎ ማታ አውልቆ ከነፋ ከንፈሩ ሁለት ማረፊያ ይማርና አንዱንም አይጨብጥ። ካደረገ ለሁለት ሳምንት ሁልጊዜ ያድርግ፣ ከዚያ ሁልጊዜ ያውልቅ። ሲያደርገው ደረቅና ንጹሕ ይሁን፣ ሲጨርስም አጥቦ ይመልሰው። ሽቦና ጠንካራ የላንቃ ሽፋን ያለው ዓይነት ሪቴይነር ቢሆን ኖሮ ግን ፈጽሞ አይሆንም ነበር፤ ሽፋኑ የምላሱን ቦታ ይይዝበታል፣ የፊቱ ሽቦም ከከንፈሩ ሥር ይገባል።

የነሐስ መምህር
የኔ ምርጫ ከመጀመሪያው አውልቆ መንፋት ነው። ልጁ ገና 9 ቀኑ ነው፣ አንዴ መቸገር ይሻለዋል። ግን ተስፋ እየቆረጠ ከሆነ የባለ ትሮምቦኑን መንገድ ዶክተር ባሉት ገደብ ይሞክር።

ስለ ሰልፉ፦ 11 ሳምንት በቂ ነው፣ አንደኛ ትራምፔት አድርጋችሁ ካልጠበቃችሁት። ከአሁኑ የሦስተኛ ትራምፔት ክፍል ስጡት። የሦስተኛው ክፍል አብዛኛው በመሐል ድምፅ ውስጥ ስለሆነ እያረፈ ይነፋል። ለልጁ ግን በግልጽ ንገሩት፤ ዝቅ ተደረግሁ ብሎ ካሰበ ብቻውን ሆኖ ከፍ ያለውን ድምፅ እየጮኸ ይለማመዳል፣ የሚጎዳውም ያኔ ነው።

ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ረጅም ድምፅ ብቻ ስለሚሰለች በቅኝት ያለማምዱት። በትዝታ ዋናው ይጀምር፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ። ጣቱ ባዶ (ፒስተን ሳይጫን)፣ 1ና 3፣ 1ና 2፣ ባዶ፣ 1ና 2፣ ባዶ ነው። ግማሽ ድምፅ የለበትም፣ ዝላዩም ትንሽ ነው፤ ምላስ ሳይነካ በአንድ ትንፋሽ ወጥቶ ቢወርድ ከንፈሩ አዲሱን ልክ በየዋህነት ይማራል። አምባሰል ይቆይ። ከዶ በግማሽ ድምፅ ከፍ ካለው ወደ ፋ ሲዘል ያልጠና ከንፈር ይስታል፣ ሲስት ደግሞ ይጫናል። ከስድስተኛው ሳምንት ወዲህ ይምጣ።

እየሄዱ መንፋትን በጣም እለምናችኋለሁ አታስቸኩሉት። እግር መሬት ሲረግጥ ትራምፔቱ ይዘልላል፣ ጠርዙም ገና ሥር ያልያዘውን ጥርስ ይመታል። እስከ አምስተኛው ሳምንት ቆሞ ብቻ ይንፋ። ከዚያ በሜዳ ላይ፣ ጉልበቱን ላላ አድርጎ፣ እግሩን ከተረከዝ ወደ ጣት እያንከባለለ፣ መጀመሪያ አንድ ረጅም ሶል ይዞ 16 እርምጃ። ሶሉ በእርምጃው ልክ ካልተንቀጠቀጠ ዜማ ይጨምር። ከፒያሳ ወደ ጥምቀተ ባሕር የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው፤ ቁልቁለት ላይ ሰውነት ወደ ኋላ ሲል መሣሪያው ወደ አፍ ይመጣል። ስለዚህ ከሰልፉ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ቁልቁለት ላይ ቢያንስ አራት ጊዜ ይለማመድ፣ እዚያ ላይም ያችን ትንሽ ጣት ከመንጠቆው አውጥቶ።

የሰልፉ ዕለት ሪቴይነሩን በማስቀመጫው አድርጎ ኪሱ ይያዝ፣ ትራምፔቱ ሳጥን ውስጥ አይተወው። ሳጥኑ ከመኪናው ጋር ይሄዳል፣ ልጁ እስኪያገኘው ይመሻል።